የኔታን የመዘነችው ሲስተር

ሉማሜ ላይ ሲስተር ወለተ ሰንበትን የማይፈራ ሰው ጥቂት ነው። እዚያው ባለው ጤና ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ጎረምሳ ከአውቶቡስ አስወርዳ ታውቃለች። አጭር ናት፤ ስትናደድ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ የሚያውቋትም ያኔ ነው የሚጠነቀቁት። ታላቅ ወንድሜ ከቆላ ትኩሳት ይዞት ተመልሶ በሞተበት ዓመት እሷ እዚህ አልተመደበችም ነበር። ስሟ ሲነሳ ይህ ሁልጊዜ ይመጣብኛል።

ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ ስምንት የአብነት ተማሪዎች መምህራቸውን የኔታ ወልደ ገብርኤልን በቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። የኔታ ዓባይ በረሃ ወርደው አንድ ወር አስተምረው ነበር። ሲመለሱ ትኩሳት ያዛቸው። ደገኛው ሁሉ «ብርድ ነው» ብሎ በጋቢ ላይ ጋቢ ደረበላቸው። በአራተኛው ቀን መናገር አቆሙ።

ሲስተር ጣታቸውን ወግታ መረመረች። ወባ ነው፤ ያውም ጭንቅላት የደረሰ። የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ታዲዮስ የመድኃኒት መጋዘኑን አይቶ ተመለሰ። «ሲስተር፣ ያለን የወባ መርፌ ስድስት ብልቃጥ ብቻ ነው። አንዱን ይውጉዋቸውና ወደ ደብረ ማርቆስ እንላካቸው።»

«በምን?»

መንገዱ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አምቡላንሱም እዚያው ማርቆስ ቀርቷል። የሚቀረው የተማሪዎቹ ትከሻ ነው። እስከዚያ ድረስ በትከሻ ቢሄዱ የኔታ በሕይወት አይደርሱም።

«አሁን አንድ መርፌ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አንድ፣ ነገ ጧት አንድ» አለች ሲስተር። «ከሃምሳ ኪሎ ካልበለጡ ለእያንዳንዱ መርፌ ሁለት ብልቃጥ ይበቃል፤ እዚሁ ይታከማሉ። ከበለጡ አይበቃም።»

«ጀምረን ቢያልቅብንስ? ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ሳይታከም ሲሞት ተጠያቂ የለም፤ ሲታከም ነው ተጠያቂ የሚመጣው? ተወኝ፣ ታዲዮስ።»

ችግሩ ሚዛኑ ነው። የጤና ጣቢያው ሚዛን ቆሞ ለሚመዘን ሰው ነው። ታዲዮስ የኔታን አይቶ «ረጅም ናቸው፣ ስልሳ ይሆናሉ» አለ። እሷ ጋቢውን ገልጣ ክንዳቸውን ጨበጠችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በመስኮት ወደ ማዶ ተመለከተች። መንገዱን እንደተሻገሩ የሱሩር የእህል መጋዘን አለ።

«አንሡ» አለች ተሸካሚዎቹን።

ትልቁ ተማሪ ዲያቆን አስማማው ወዴት እንደሆነ ሲገባው በሩ ላይ ቆመ። «ሲስተር፣ ምን ነካዎት? የኔታ እኮ እህል አይደሉም! ገበያተኛ እያየ በጤፍ ሚዛን?»

«ጤፍ በግምት ይሸጥልሃል?»

«አይሸጥም።»

«እንግዲያው ለጤፍ የምትሰጠውን ጥንቃቄ ለመምህርህ አትንፈግ። ዞር በል።»

እኔ ያን ጊዜ መጋዘኑ ደጅ ቆሜ ነበር። ሱሩር ሲያያቸው አንድም ነገር አልጠየቀም፤ ሚዛኑን በእጅጌው ጠረገ። ቃሬዛው መሬት እንዳይነካ ሁለት ጣውላ ከሥር አስገቡለት።

«ሱሩር፣ ዛሬ እንኳ ጣትህን አንሣ!» አለ ከገበያተኛው አንዱ።

«ያንተን ሽንብራ ስመዝን ነው ጣቴ የሚከብደው» አለ ሱሩር፤ ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰው ሳቀ። አስማማው አልሳቀም፤ ያለቅስ ነበር።

«ልቀቁ!» አለች ሲስተር። ስምንቱም እጃቸውን አነሡ።

ስልሳ ስድስት።

የኔታን አንሥተው በጤፍ ጆንያዎች ላይ አስተኟቸው፤ ባዶውን ቃሬዛ ከነጋቢዎቹ እነዚያው ጣውላዎች ላይ መልሰው ጫኑት። አሥራ ዘጠኝ። ሲስተር በመዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ቀነሰች። ከዚያ መዳፏን ተከትሏት ወደመጣው ታዲዮስ አዙራ ከአፍንጫው ሥር አቆመችው።

«አርባ ሰባት» አለች። «ውሰዷቸው፤ አልጋ ቁጥር ሁለት።»

የመጀመሪያውን መርፌ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወጋቻቸው፤ ሁለተኛውንም ሰዓቱን ጠብቃ። በማግስቱ ጧት ሦስተኛውን ስታዘጋጅ የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ውሃ» አሉ። አስማማው አፋቸውን አረጠበላቸውና የሆነውን ሁሉ እየተንተባተበ ነገራቸው። ሚዛኑ ላይ ሲደርስ አቀረቀረ።

«ስንት ወጣሁ?» አሉ የኔታ።

«አርባ ሰባት፣ የኔታ።»

«ግማሽ ኩንታል እንኳ አልሞላሁ።» ፊታቸውን ወደ ሲስተር አዞሩ። «ልጄ፣ አሁን ድኛለሁ። ተማሪዎቼ ቤቴ ይውሰዱኝ።»

«አልዳኑም። አንድ መርፌ ይቀራል፣ ከዚያ የሦስት ቀን ኪኒን አለ። ዛሬ ቢወጡ በሽታው ተከትሎዎት ቤትዎ ይገባል።»

«ጾም ነው። ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ አይገባም።»

«መርፌ ጾም አይፈታም።»

«ኪኒኑስ?»

«በኪኒኑ ከሰዓት በኋላ እንጣላለን» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ክንድዎን ያምጡ።»

አስማማው የኔታን አየ። የኔታ ሲስተርን አዩ። በሚያስተምሩበት ደብር ስልሳ ዓመት ማንም አዝዟቸው አያውቅም።

ከዚያ እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ።