የኢትዮጵያ ተራ መቼ ነው?

ዛሬ አባቴ የሬዲዮ ጣቢያ ታሪክ ውስጥ ገባ። ያውም ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ጣቢያ።

አባዬን ይዤ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ከኢገን ከተማ ወደ ሜፕልዉድ እየነዳሁ ነበር። እሱ ካለ መኪናዬ ውስጥ ሌላ ጣቢያ አይከፈትም።

ጣቢያው ልደቱን እያከበረ ስለሆነ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አስተዋዋቂ የድሮውን ትዝታ ያጫውታሉ።

«አንድ ክረምት፣ አንድ ሰው በትህትና ደወለልን» አሉ። «'የካንትሪ ጣቢያ ነን ትላላችሁ፤ እስካሁን የሰማሁት ግን የአሜሪካን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ተራ መቼ ነው?' አለኝ።»

ዞር ብዬ አባዬን አየሁት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

«አንተ ነህ እንዴ?»

«ካንትሪ አገር ማለት አይደል? ደግሞ ስለ ፈረሱና ስለ እናቱ የሚዘፍን ሰው የአገር ቤት ሰው ካልሆነ ምንድን ነው?»

(በዚህ ክርክር እስከ ዛሬ እሱን የረታው የለም።)

አዛውንቱ ቀጠሉ። «ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ጣቢያ የተከፈተው እኮ ገበሬዎቻችን የራሳቸውን ዘፈን የሚያሰማቸው ስላጡ ነው። ጌታዬ፣ እየሰሙኝ ከሆነ ዛሬ ተራዎ ነው።»

ከዚያ ማሲንቆ መጣ። በካንትሪ ጣቢያ፣ በሚኒሶታ ሃይዌይ ላይ።

አባዬ ቮሊዩሙን ጨመረ። የምወጣበትን ኤግዚት አለፍኩት፤ አልቆጨኝም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩን አወጣ። «ደውለህ ልታመሰግናቸው ነው?» አልኩት።

«ማመስገኑስ አይቀርም» አለ። «ግን የሶማሌዎቹን ተራ ልጠይቅላቸው። ጎረቤቶቻችን አይደሉ?»

እናንተስ ቤት ተሳስቶ ልክ የሆነ ማነው? እስቲ አጫውቱን።