የሚስቱ ክፍል

መምህር ይኸነው ሚስቱን ይበልጥ የሚወዳት ከእሱ ዝቅ ስትል እንደሆነ የገባው፣ በልጣው በተገኘች ቀን ነው።

ሁለቱም እንጅባራ ከተማ ጫፍ ላይ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር፤ እሱ «ሀ»ን፣ ሚስቱ ወርቅአየሁ «ለ»ን። ሁለቱም አራተኛ ይባሉ እንጂ ክፍሎቹ ሌላና ሌላ ነበሩ። «ሀ» የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች የሚበዙበት፣ ሲዘንብ በባጃጅ የሚመጡበት ክፍል ነው። «ለ» ውስጥ የሚበዙት ግን ከዙሪያው ቀበሌ ጭቃውን እየረገጡ የሚመጡ፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል እዚያው በአዊኛ ተምረው ድንገት አማርኛ ላይ የወደቁ ልጆች ነበሩ። በገበያ ቀን ደግሞ ድንችና ከሰል ሊያሸጡ ግማሾቹ ይቀራሉ።

በየዓመቱ «ሀ» ይመራል፣ «ለ» ይከተላል። ውጤት በተነገረ ቀን ይኸነው ለሚስቱ ከመቼውም ይልቅ ደግ ይሆናል። ሥጋ ገዝቶ ይገባና፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጆቹ ናቸው እንጂ» ይላታል። ወርቅአየሁ ሥጋውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሷ ግምጃ ቤት ከሚባል ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። እሱ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነው፤ ከአማርኛ ሌላ አያውቅም።

አምና በመጀመሪያው መንፈቅ ማብቂያ ርዕሰ መምህሩ ባምላክ መምህራኑን ሰብስቦ የጋራውን ፈተና ውጤት አነበበ። በሒሳብ «ለ» «ሀ»ን በልጧል። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። ይኸነውም አጨበጨበ፤ ግን ሁሉም ካቆመ በኋላ ነው እጁ የታዘዘለት። አጠገቡ የተቀመጠው መምህር አድማሴ በክርኑ ጎሰም አደረገውና፣ «በገዛ ቤትህ ተቀደምክ በለኛ!» አለው። 

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ «ፈተናውን እነማን ናቸው ያወጡት?» አለ።

«ኮሚቴው ነዋ።»

«ከመካከላቸው የምታውቂው ሰው አለ?»

ወርቅአየሁ ቆመች። ጃንጥላዋን ዝቅ አድርጋ ፊቱን አየችው።

«ሰረቅሽ ነው የምትለኝ?»

«እኔ እንደዛ አላልኩም።»

«ብለሃል። እንግዲያውስ ልጆቼን ውሰድ፣ ያንተን ስጠኝ። ልጆቹ ናቸው ስትለኝ አይደል የኖርከው?»

ክፍል እንለዋወጥ ብለው ሲጠይቁት ባምላክ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ወስዶት ነበር፤ ሁለቱም ፊታቸውን ሳይፈቱ ሲቆሙበት ግን ፈቀደ። በሁለተኛው መንፈቅ ይኸነው «ለ» ክፍል ገባ።

ልጆቹ ተነሥተው ተቀበሉት። ጠየቀ፤ ዝም አሉ። ደግሞ ጠየቀ፤ ጠረጴዛቸውን አዩ። «እነዚህ ናቸው የበለጡኝ!» አለ በልቡ፤ ጥርጣሬው ተመልሶ መጣ። ሸጋ የምትባል ከሲታ ልጅ ሰሌዳው ጋ አውጥቶ ስለ ክፍልፋይ ሲጠይቃት ጠመኔውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ከኋላ አንዷ በአዊኛ አንድ ነገር ጣል አደረገችላት። ሸጋ ዞር ብላ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሠራችው፤ ጽድት አድርጋ።

ይኸነው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ሒሳቡን ታውቀው ኖሯል፤ ያልገባት የሱ አማርኛ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅናቱ መልኩን ለወጠ። ግምጃ ቤት አማቶቹ ዘንድ ሲሄድ ሰው ሁሉ በአዊኛ እያወራ ሲስቅ እሱ ብርጭቆውን እያገላበጠ የሚቀመጠው ትዝ አለው። ዐሥር ዓመት በትዳር ኖሮ ያልገባበትን የቋንቋዋን ቤት እነዚህ ልጆች እንደልባቸው ይገቡበታል፣ ይወጡበታል።

ማታ ራት ላይ ይቅርታ ሊጠይቃት አስቦ፣ አፉ ሌላ ተናገረ።

«ሸጋ ጎበዝ ልጅ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች።

በዚያ ላይ የከተማ ወላጆች፣ ድሮ መንገድ ላይ ኮፍያቸውን አንሥተው ሰላም የሚሉት፣ አሁን እሱን አልፈው እሷን፣ «መምህርት፣ ልጄ እኮ ተለወጠ!» ይሏታል። ይኸነው ከጎኗ ቆሞ ፈገግ ይላል፤ ጉንጩ እስኪያመው።

ሚስቱን «አስተምሪኝ» ማለት ሞት መሰለው። ልጆቹን ግን ጠየቀ። «ይሄ በእናንተ ምን ይባላል?» እያለ መደመሩን፣ መቀነሱን፣ ግማሹን ተማረ። ሲሳሳት ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን በሳቁ ቀን አፍ አውጥተው መናገር መጀመራቸውን አየና ተወው። አስተካካይዋ ሸጋ ነበረች፤ «እንደዛ አይባልም፣ መምህር» ትለዋለች፣ ፍርጥም ብላ።

ዓመቱ ሲያልቅ ወርቅአየሁ በያዘችው «ሀ» አንደኛ ወጣች። «ለ» ከእሷ ጊዜ ዝቅ ቢልም አልወደቀም። ይኸነው በዚህኛው ጭብጨባ ከሰው እኩል አጨበጨበ፤ ደስ ብሎት ግን አልነበረም።

ከስብሰባው ሲወጡ፣ «ያን ቀን ያልኩሽ ነውር ነው» አላት። «አልሰረቅሽም። ስለበለጥሽኝ ነው የተናገርኩት።»

«ይሄን ለማለት ግማሽ ዓመት ፈጀብህ?»

«አሁንም እየቀናሁ ነው።»

ወርቅአየሁ ሳቀች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

በሳምንቱ ገበያ ወጥተው ድንች ሲመርጡ የሸጋ እናት አገኘቻቸው። ከወርቅአየሁ ጋር በአዊኛ ረጅም ወሬ ያዙ። ሴትዮዋ እያወራች ይኸነውን ታያለች፣ ትስቃለች።  ሴትዮዋ እንደሄደች፣ «ስለ እኔ ምን አለችሽ?» አለ።

ወርቅአየሁ ድንቹን ማገላበጥ ቀጠለች። «ሸጋ ቤት ስትገባ ወሬዋ ሁሉ አንተ ነህ አሉ። 'መምህሬን እኔ ነኝ የማስተምረው' እያለች እናትዋን አስቀምጣ ሒሳብ ታስጠናታለች።»

«እና?»

«እናማ የለውም። እኔ ግማሽ ዓመት አስተምሬያት ስሜን እንኳ ቤት አላነሣችም አሉ።»

ፊቷን ሲያየው አወቀው፤ እሱ ራሱ ለብሶት የከረመው ፊት ነው። ደስታው ሊያሳፍረው ሲገባ አላሳፈረውም።

«በመስከረም አምስተኛ ሲገቡ ልጆቼን መልስልኝ» አለች።

«አልመልስም» አለ ይኸነው፣ ዘንቢሉን ከእጇ ተቀብሎ። «እኔ ነኝ ወደ አምስተኛ ይዣቸው የምወጣው። ባምላክን ጠይቄ ፈቅዶልኛል።»

ወርቅአየሁ ዘንቢሉን መልሳ ነጠቀችውና ቀድማው ሄደች።