በስም የማይገኘው ቤት

መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ያገለገለ ኮምፒውተር በስጦታ ባገኘች ጊዜ፣ የመጋቢያችንን የምክር ደብተር ወደዚያ እንድገለብጥ ታዘዝሁ። ከምእመናኑ መካከል የኮምፒውተር ትምህርት የወሰድሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

አረጋዊው መጋቢ በደብተራቸው የሰው ስም አይጽፉም። «የድልድዩ ማዶዋ እህት»፣ «ሁለት ውሻ ያለው ወንድም» ይሉና ከሥሩ የሰሙትን ችግርና የሚጎበኙበትን ቀን ያሰፍራሉ። ይህ ለእኔ ዝርክርክነት መስሎ ታየኝ። ከአባላት መዝገብ ጋር እያመሳከርሁ ለእያንዳንዱ ሙሉ ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ሰጠሁት። ሥራውን ስጨርስ የተሰማኝን እርካታ አልረሳውም።

አንድ ረቡዕ፣ የሴቶችን ጸሎት የምትመራ እህት የአዳራሹን ቁልፍ ልትመልስ ወደ ቢሮው ገባች። ባለቤቷ በዚያው ሳምንት የጉብኝት አገልግሎት ሽማግሌ ሆኖ ተመርጧል፤ ከእሑድ ጀምሮ በኮምፒውተሩ የሚሠራው እርሱ ነው።

«ባሌን የሚቀማኝ ይሄ ነዋ!» አለች እየሳቀች። «ለመሆኑ ምን ያውቃል?»

«ሁሉንም ያውቃል። ስምዎን ልጻፍና ይመልከቱ።»

ጻፍሁ። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ገጹን አወጣው። ከማግባቷ በፊት የወለደቻት ልጅ ክፍለ ሀገር ከአያቷ ዘንድ እንደምታድግ፣ ባለቤቷም ይህን እንደማያውቅ ከስሟ ሥር ተጽፏል። ሳቋ ቆመ።

«ይሄን የነገርኩት ለእሳቸው ነው። አንተን ማን ጠራህ?»

«መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«አጥፋው!»

«ያለ መጋቢ ፈቃድ አልችልም።»

መጋቢ ለጉባኤ አዋሳ ነበሩ፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው።

«እሑድ ባሌ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል» አለች። «የተሟላ ይሁንልህ እንግዲህ!» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላው ወጣች።

ቅዳሜ ለመጋቢ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ስም ያልጻፍሁት ረስቼው መሰለህ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለባሏ የምትነግረው እሷ ናት፤ በራሷ ጊዜ» ብለው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

እስኪመሽ ድረስ ስሞቹን አንድ በአንድ አወጣን፤ የየሰዉን ችግርም ሰረዝን። የቀሩት የእርሳቸው ምልክቶችና የጉብኝቱ ቀናት ብቻ ናቸው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ባለቤቷ መጣ። እርሷ በሩ ላይ ቆመች። በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ፣ «እስቲ በሚስቴ ልሞክረው» አለ። እያንዳንዱ ፊደል ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ማሽኑ ምንም አላገኘም።

«የእኛን ቤት አያውቀውማ! እኛ አንጎበኝም እንዴ፣ መጋቢ?»

«የእናንተን ቤት እኔው አውቀዋለሁ» አሉ መጋቢ። «ማክሰኞ እመጣለሁ።»

እርሱ ሳቀ። እርሷ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ እጇን ዘረጋች። የአዳራሹን ቁልፍ ሰጠኋት። ፊቴን ሳታይ ተቀበለችኝ።