ገማችና አማች

የዶክትሬት ትምህርት ልጀምር ነው ስል አጎቴ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ታዲያ በየትኛው ሆስፒታል ነው የምትመደበው?» የሚል ነበር። የአካውንቲንግና ፋይናንስ ዶክትሬት መሆኑን ሳስረዳው ትንሽ አሰበና «እና ማንን ነው የምታክመው?» አለኝ።

እኔ ራሴም ብዙ አላውቅም ነበር። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ለዓመታት አካውንቲንግ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ ርዕስ መርጦ መጻፍ ብቻ የሚቀረኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ ከዚያ በፊት ኮርስ የሚባል ገደል አለ። የፋይናንስ ንድፈ ሐሳብ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ የምርምር ፍልስፍና፣ የምርምር ዘዴ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ሴሚናር። ያን ሁሉ ስትጨርስ አጠቃላይ ፈተና ይጠብቅሃል። እሱን ካለፍክ ብቻ ነው «ምን ልታጠና ነው?» ተብለህ የምትጠየቀው። ቅዳሜና እሁድ የአዳማ ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ ወርዶ አንገታችን ላይ ሲቀመጥ፣ ልጆች ያደረስን ሰዎች እስክሪብቶ እየነከስን ማትሪክስ እንገለብጥ ነበር።

ከክፍላችን ተማሪዎች በዕድሜ የሚበልጡን አንዲት ሴት ነበሩ። ባቱ አካባቢ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው፤ በዕድሜ የሚያንሳቸው አስተማሪያችንም ጭምር። ፊታቸው የቁም ነገር ፊት ነው፤ ሲቀልዱም ሲጸልዩም አይለወጥም። ጉድ የሠራኝ ያ ፊት ነው።

የምርምር ዘዴ የሚያስተምረን ዶክተር ሲስቅ ያየው ተማሪ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ መጥቶ «ቁጥር ከመደመራችሁ በፊት ማየት ተማሩ» አለን። እያንዳንዳችን ወደማንታወቅበት ከተማ ሄደን፣ አንድ የንግድ ቦታ መርጠን፣ ሰው እንዴት እንደሚገበያይ ስናይ መዋል አለብን። «መጠየቅ የለም፣ ጣልቃ መግባት የለም። ማየት ብቻ!»

ለእኔ ሻሸመኔ ደረሰኝ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እህቴ እዚያ የጨርቅ ሱቅ አላት። ከፊት ለፊቷ በረንዳ ያለው ሻይ ቤት አለ። እዚያ ብትቀመጥ መንገዱ ሁሉ ወለል ብሎ ይታይሃል» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ!» አልኩ ከልቤ።

ዋዜማውን ሄጄ አደርኩና ጠዋት በረንዳው ላይ ሻይና ፓስቴ አዝዤ ተቀመጥኩ። መነጽሬን ሰካሁ፣ ደብተሬን ገለጥኩ። መጀመሪያ ላይ መንገዱ እንደማንኛውም የሻሸመኔ መንገድ ነበር፤ ድንች የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ባጃጁ በየጎኑ ይሾልካል፣ ነጋዴው ደንበኛ ይጠራል። ጥቂት ቆይቶ ግን ገበያው እንደታመመ ሰው ድምፁ እየሰለለ መጣ። ጨርቅ ሱቁ በር ላይ የተሰቀሉት ቀሚሶች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። ጎረቤቱ ያለው ጫማ ነጋዴ በሩን ገርበብ አደረገው። ሌላው ደግሞ ጥሩ ጃኬቱን አውልቆ፣ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ ብቅ አለ። አንዲት ሴት ብርድ ልብስ ልትገዛ ብትመጣ የጨርቅ ሱቁ ባለቤት «ብርድ ልብስ ከጠፋ ስንት ጊዜው!» ብለው መለሷት። ከኋላቸው በአንሶላ የተሸፈነ ትልቅ ክምር ይታየኝ ነበር። ምን ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ክልክል ነዋ።

ሹራብ የለበሰው ሰውዬ ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ጌታዬ» አለኝ በአክብሮት። «ገበያ እንደሆነ ሞቷል። ዝንብ ስናባርር ነው የምንውለው። እርስዎም እያዩት ነው።»

«እያየሁ ነው» አልኩ በሐዘኔታ፣ እየጻፍኩ። እሱ እስክሪብቶዬን አይቶ ላብ አጠመቀው። ሻይ ቤቱም ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። እንዲህ ደኽይተው እንኳን እንግዳ ያከብራሉ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሰባት ገጽ ጽፌ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉ ፊት ቆሜ፣ የሻሸመኔ ነጋዴ በሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እጥረት ሊያልቅ መሆኑን በግራፍ አሳየሁ። ባንኮችንም ወቀስኩ። መደምደሚያው ላይ ስደርስ የእትዬ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ዶክተሩ።

«የለም ዶክተር» አሉ በዚያው ፊታቸው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ለእህቴ ደውዬ ‹መነጽር ያደረገ ገማች ነገ ይመጣል› ያልኳት እኔ ነኝ።»

ገማች ማለት ከገቢዎች መጥቶ የሱቁን ሽያጭ በዓይኑ እያየ ግብር የሚያስወስን ሰው ነው። ነጋዴ ጅብ ቢመጣበት ይሻለዋል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ አልሳቀም። ግራፌን ለረዥም ጊዜ ተመለከተና «ተቀመጥ» ብቻ አለኝ።

ተቀመጥኩ፤ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በተከታዩ ሳምንት ተራው የእትዬ ነበር፤ የደረሳቸው ቦታ ደግሞ የአዳማ መናኸሪያ። የአገሬ መናኸሪያ! እዚያ በር ላይ ሻይ የሚሸጡ፣ ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ያረጁ አንዲት እናት አውቃለሁ። የሰሙት ወሬ ሻዩ ሳይፈላ ከተማውን ይዞራል።

«እማማ፣ ነገ አንዲት የተከበሩ ሴት መጥተው አጠገብዎ ይቀመጣሉ» አልኳቸው። «ለአንድ ልጃቸው ሚስት እየፈለጉ ነው። ልጁ ኢንጂነር ነው። ግን እንዳይታወቅባቸው ዝም ብለው ነው የሴቶቹን ጠባይ የሚያዩት። አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩ።»

«ወላሂ ትንፍሽ አልል!» አሉኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአንድ ሚኒባስ ጀርባ ተደብቄ አየሁ። እትዬ ተራ አስከባሪዎቹ ሒሳብ እንዴት እንደሚተሳሰቡ ሊያዩ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ግን ሒሳብ የለም፤ ያለው ሰልፍ ነው። ሎሚ ሻጯ እህቷን አስጊጣ አመጣች። አንዷ ያልታዘዘችውን ወንበር ስትጠርግላቸው፣ ሌላዋ ከፀሐይ ጃንጥላ ያዘችላቸው። ተራ አስከባሪው ራሱ ሥራውን ትቶ «እናቴ፣ እህቴ ዲፕሎማ አላት፣ ጨዋ ናት» እያለ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል። እትዬ መጠየቅም መናገርም ስለተከለከሉ አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ሴቶቹ ደግሞ ያን እንደ ይሁንታ ቆጠሩት።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ጉድ!» አሉኝ እትዬ። «እኔ እኮ ሦስት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የለኝም! አሁን ለአራት ቤተሰብ ምን ብዬ ነው የምመልሰው?»

«ጣልቃ መግባት የለም ተብሏል እትዬ» አልኩ።

የእርሳቸው ሪፖርት ሲቀርብ ዶክተሩ መጀመሪያ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ተራ አስከባሪው ጋ ሲደርሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ጀርባው ይርገበገብ ጀመር። ዞሮ ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ሁለታችሁም ወድቃችኋል» አለ፤ ድምፁን መግዛት ተስኖታል። «አብራችሁ ትደግሙታላችሁ። አሁን ግን ማን እንደሆናችሁ እውነቱን ለሰው ተናገሩ።»

መልካሳ አንድ እህል ነጋዴ ጋ ሄደን እውነቱን ተናገርን፤ ተማሪዎች ነን፣ ገበያ ለማየት ነው የመጣነው አልን። ሰውዬው እኔን አየ፣ እትዬን አየ።

«በዚህ ዕድሜያችሁ?» አለ በሐዘን። «አይዟችሁ፣ ፈጣሪ ይግለጥላችሁ» ብሎ መረቀንና ጆንያ ላይ አስቀምጦ ረሳን።

ያን ቀን ነው ማየት የተማርነው። መጀመሪያ ያዩት እትዬ ናቸው ብል ይሻላል። በዋጋ ከነጋዴው ጋር የሚጨቃጨቁት፣ «ሌባ ነህ!» እያሉ የሚጮኹት ገበሬዎች እህላቸውን ሳያስመዝኑ ትተውለት ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። በጨዋነት «እሺ» የሚሉት ግን ከሚዛኑ ዓይናቸውን አይነቅሉም። እትዬ ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«የሚያምኑትን ነው የሚጣሉት» አሉ በሹክሹክታ።

ወደ አዳማ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ እስከ መጨረሻው ስንከራከር ነበር። የገበሬዎቹን ጭቅጭቅ እኔ ልማድ ነው አልኩ፣ እርሳቸው የመተማመን ዋስትና ነው አሉ። የጋራ ጽሑፋችንም ክርክሩን እንዳለ ይዞ ገባ። ዶክተሩ ጥሩ ውጤት ሰጠን፤ ምን ያህል እንደሆነ ለአጎቴ ነግሬው «ለሕክምና ይበቃል?» ብሎኛል።

አጠቃላይ ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። እኔ ኢኮኖሜትሪክሱን በጠባቡ፣ እትዬ በሰፊው። አሁን እርሳቸው በአዳሚ ቱሉ ገበሬዎች መካከል ጭቅጭቅና ብድር እንዴት እንደሚገናኙ እያጠኑ ነው። የምርምር ሐሳባቸውን ሲከላከሉ አንዱ ፈታኝ ጠንከር ብሎ «ይህን ከየት አመጡት?» ቢላቸው፣ እትዬ ያለ ምንም የፊት ለውጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከራከሩት። ሲወጡ እህላቸውን ትተው እንደሚሄዱት ገበሬዎች ቦርሳቸውን ሰጡት፤ ፈታኙም ይዞላቸው እስከ በር ሸኛቸው።