በእሸት ወቅት የሄድነው መንገድ

ልጄ ሳምራዊት ለጥምቀት ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ጎንደር ልትሄድ ነው። ሦስት ቀን ሰንብተው ይመለሳሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤቷ ብቅ ብል ሳሎኑ እግር ማሳረፊያ የለውም። ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል፤ ዙሪያውን ጃኬት፣ ብርድ ልብስ፣ የታሸገ ውሃ በካርቶን፣ የፀጉር መተኮሻ፣ ስድስት ጥንድ ጫማ። እሷ መሐል ተቀምጣ ስልኳ ላይ አንዲት ወጣት የሳምንት ልብስ በትንሽ ቦርሳ እንዴት እንደሚያዝ ስታስተምር ታያለች።

«እማዬ፣ ነይ እዪማ! ልብሱን ማጠፍ ቀርቷል፤ መጠቅለል ነው።»

«ብትጠቀልይውም ስድስት ጫማ ያው ስድስት ጫማ ነው» አልኳት።

ተናደደች። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ የነበረ ሰው መተቸት አይሰለቸውም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። «እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ምኑን ትቀንሺው ነበር?» አለችኝ። ሻንጣውን ገፋ አድርጌ ወንበር ያዝኩና የእናቴን ነገር አነሳሁላት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ይዞ መንገድ በመሄድ ግን እስከ ዛሬ የሚተካከላት አላየሁም።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ስማዳ ውስጥ ነው፤ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ወዲያ። ታላቅ ወንድሜ ይትባረክ ድጓ ሊማር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሄደ አራት ዓመት ሞልቶታል። በነዚያ ዓመታት እናቴ ልጇን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ከዚያ አገር የመጡ አንድ ቄስ በደጃችን ሲያልፉ መልእክት አደረሱን። ይትባረክ ድጓውን ጨርሷል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ለአቋቋም ትምህርት ወደ ጎንደር ይሄዳል። ያን ጊዜ በኛ አገር ስልክ የለ፣ መኪና የለ። ጎንደር የተሻገረ ተማሪ መቼ እንደሚመለስ፣ ከዚያስ ወዴት እንደሚያልፍ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠችና «ሁለት ቀን አለኝ» አለች። ሁለት ቀን ማለት ደግሞ መንገዱ ራሱ ነበር።

አባቴ ከብቶቹን ትቶ መሄድ አይችልም። «አህያዋን ውሰጅ እንጅ» አላት። «ጠላውን በገንቦ፣ ድፎውን በቅርጫት አድርገሽ።»

«አህያ ከወሰድሁ ጭነት አላጣላትም» አለች እናቴ። «ከዚያ ጭነቱ ሲያጋድል ሳቃና፣ ሣር ስፈልግላት እሑድ ያልፍብኛል።»

ጎረቤቶቻችን ሰምተው መጡ። አንዷ ከልቧ አዝና «እንዴት ባዶ እጅሽን ትሄጃለሽ የሻረግ? ልጅሽን በሰው ፊት ልታሳፍሪው ነው?» አለቻት።

«እኔን ይዠለት እሄዳለሁ» አለች።

እኔ በዚህ አነጋገር ሰውነቴ ሁሉ በእፍረት ተቃጠለ። እናቴ ንፉግ ናት ብዬ ነበር ያሰብኩት። ይኸው ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ቁርበት አነጠፈችና እሷ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ማሬ የምንይዘውን ሁሉ እላዩ ላይ ደረደረችው። አንድ አንዱን እያነሳች «ይህ ለመንገዱ ነው ወይስ ለሰው ዓይን?» ትላለች። ለሰው ዓይን የሆነው ወደ ጓዳ ይመለሳል። የቀረው ይህ ነበር፦ በሶ በትንሽ ስልቻ፣ ሚጥሚጣና ጨው በአንድ ቋጠሮ፣ ለሦስታችን አንድ ቅል፣ ለሦስታችን አንድ ጋቢ። ቅያሪ ቀሚሳችንን ከላይ ደርበን እንድንለብሰው አደረገች። መርፌና ክር ቀሚሷ አንገት ላይ ሰካች። ለወንድሜ ያሸመነችውን መቀነት ወገቧ ላይ ጠመጠመችው፤ ስጦታው እንኳ የሚሸከመው እጅ አልፈለገም። ለራሷ ብቻ አንድ ነገር ፈቀደች፤ ለዚሁ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ አዲስ ነጠላ። በመጨረሻ ለያንዳንዳችን ቋጠሯችንን አሸክማ እስከ ምንጩ ደርሰን እንድንመለስ አዘዘችን። ስምንት ዓመት የሆናት ማሬ ስትመለስ ትከሻዋን እያሸች ስለነበር ከእሷ ቋጠሮ አንድ ነገር ወጣ። ሻንጣ ሞልቶ ዚፑን እላዩ ላይ ተቀምጦ የሚዘጋ ሰው ባየሁ ቁጥር ይህ የምንጭ ዳር ፈተና ትዝ ይለኛል።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ወገዳን አልፈን፣ ፀሐይ ገና ሳለች የእናቴ የሩቅ ዘመድ ቤት ደረስን። በቀን መድረሱም የእናቴ ዘዴ ነበር፤ እንግዳ በጊዜ ሲመጣ ባለቤቷ አትጨነቅም ትላለች። አረፍ እንኳ ሳትል እንስራ አንስታ ውሃ ቀዳች፣ እኔን እንጨት አስለቀመችኝ። ያደርንበት ቤት ሰው ጠዋት ሲሸኘን «ሰንብቱ እንጅ» ያለው ለወግ ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ በማለዳ አርብ ገበያን አለፍን። ገበያው ትናንት ተበትኖ ሜዳው ላይ ገለባና የአህያ ፋንድያ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በማሳ መሐል ነው። ገብሱ ሊያሽት ደርሷል፣ ባቄላው ግን ለመብላት ልክ በጊዜው ነበር። እናቴ ስንቅ ያሳነሰችው ይህን ቆጥራ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በኛ አገር መንገደኛ ማሳ ዳር ቁጭ ብሎ እሸት ቢበላ ማንም አይቆጣውም። ቋጥሮ መሄድ ግን ስርቆት ነው። ስለዚህ እናቴ በልተን ስንነሳ ወደ ማሳው ፊታችንን አዙረን ነጠላችንን እንድናራግፍ ታደርገን ነበር። ባለቤቱ ቢኖርም ባይኖርም።

ቀትር አካባቢ እናቴ በሶውን ልትበጠብጥ ቅሉን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። እኔ ማሳው ዳር ቀረሁ። እሸቱ ጥርሴ ላይ እየጣፈጠ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የተማሪ ቤቱ ደጅ ነው፤ የሌሎቹ እናቶች በአህያ ጭነው ሲመጡ፣ እኛ እጃችንን እያወዛወዝን ስንደርስ። እናም የባቄላውን እሸት እየቀነጠስኩ ቋጠሮዬ ውስጥ ሞላሁት። ለወንድሜ የሚሰጥ ነገር ይኑረን ብዬ ነው። እናቴ ተመለሰች፣ ጠጣን፣ ተነሳን፣ ነጠላችንን አራገፍን። እኔም አራገፍኩ።

በዚህ መሐል የማሳው ባለቤት ከታች ብቅ አሉ። ሽበታቸው የገፋ፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

«እግዜር ይስጥልን አባቴ፣ ከእሸትዎ በላን» አለች እናቴ።

«ብሉ፣ ብሉ። ለመንገደኛም ጭምር ነው የተዘራ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «የልጅቱ ቋጠሮ ምነው ከናንተ ተለይቶ አበጠ?»

እውነታቸውን ነው፤ የእናቴና የማሬ ቋጠሮ ጠፍጣፋ፣ የእኔ ክብ። እናቴ ተቀብላ ፈታችው። እሸቱ ሣሩ ላይ ተዘረገፈ።

«መብላቱን ማን ነፈጋችሁ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው አልጮኸም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። «ዝንጀሮ ይወስዳል፣ ዝንጀሮ ነው ይባላል። ሰው ሲወስድ ግን ዳኛ ያየዋል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እዚሁ እደሩና ይታይ።»

ነገ ከቅዳሴ በኋላ። የእናቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ «አባባ፣ ወንድሜን ልናይ ነው! ነገ ይሄድብናል! አራት ዓመት አላየነውም!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ በክንዴ አነሳችኝ።

«ዝም በይ። የኛ መንገድ እሳቸውን አይመለከትም» አለች። ወደ ሽማግሌው ዞራ ሁሉንም ቋጠሮ ፈታ ዘረጋችላቸው፤ በሶው፣ ቅሉ፣ ጋቢው። «ያለን ይኸው ነው አባቴ። ሰኞ በዚሁ በኩል እመለሳለሁ፣ ሽማግሌዎን ሰኞ ያስቀምጡልኝ። እስከዚያ መያዣ ልስጥዎ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ነጠላ እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ቀደመቻቸው፤ ያንን አዲስ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጥፋ ሰጠቻቸው።

«ጥፋቱ የልጅቱ አይዶለም ወይ?» አሉ።

«ያሳደግኋት እኔ ነኝ።»

ነጠላውን ገልጠው ጥለቱን አዩ። «ስምሽ ማን ይባላል?»

«የሻረግ።»

«በይ የሻረግ፣ ሰኞ።» ነጠላውን ክንዳቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

እናቴ ጋቢውን ለብሳ መንገድ ጀመረች። እኔ ከኋላ እያለቀስኩ እከተላለሁ። ትመታኛለች ስል አልመታችኝም፣ ትሰድበኛለች ስል አልሰደበችኝም። ብዙ ከሄድን በኋላ ሳትዞር «ምን ጎደለን ብለሽ ነው?» አለችኝ።

ቤተ ልሔም የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ይትባረክ ከተማሪዎቹ ጎጆ ወጥቶ ሲመጣ ጢም አውጥቷል፣ ከስቷል። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ማሬን አላወቃትም፤ እሷም አላወቀችውም፤ ተፋጠው ቀሩ። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በነጭ ነጠላ ተሞልቶ እናቴ ብቻ በተጎሳቆለ የመንገድ ጋቢ ቆማለች። የእኔን ልሰጣት ለመንኳት። «ጋቢም ልብስ ነው» አለችና ወደ ቅዳሴው ፊቷን መለሰች። ያን ቀን ቅዳሴው ምን እንደነበር አላስታውስም፤ የማየው ሰማያዊ ጥለት የለበሱትን ሴቶች ብቻ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቹን መምህራቸው መረቋቸው። የሌሎቹ ቤተሰቦች ብዙ ይዘው ነበር የመጡት። ድፎው ገና ተቆርሶ ይታደላል፣ ገንቦው ገና አልጎደለም፣ አህያው ገና አልተጫነም። ስለዚህ ልጆቻቸውን በር ላይ ስመው ወደ ዕቃቸው ተመለሱ። እናቴ ቋጠሮዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከልጇ ኋላ መንገድ ጀመረች።

«እምዬ፣ ወዴት ነው?» አላት ይትባረክ።

«እስከዚያች ዛፍ ልሸኝህ።»

ዛፏ ጋ ስንደርስ «እስከ ወንዙ» አለች። ወንዙን ስንሻገር «ዳገቱ ላይ ንፋስ አለ፣ እዚያ እናርፋለን» አለች። ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሷ ግን ለቤታችን ጀርባዋን ሰጥታ መሄዷን ቀጠለች። መንገድ ላይ እሸት በላን፤ ይትባረክና ጓደኞቹም ከእኛ ጋር ተሰልፈው የለበሱትን አራገፉ። ይትባረክ የአራት ዓመቱን ሁሉ ነገራት፤ ቁራሽ ሲለምን የነከሰውን ውሻ፣ በረሀብ ድምፁ የተዘጋበትን ክረምት፣ መምህሩ አንድ ቀን «ጎበዝ» ያሉትን። እናቴ ስትሰማ ትሄዳለች፣ ስትሄድ ትሰማለች። ሸክም ስለሌላት አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ ልረፍ» አላለችም። የሄደችበትን መንገድ ያን ጊዜ ነው በዓይኔ ያየሁት፤ ቁርበቱ ላይ ሁሉን እያነሳች የመለሰችው ለዚች ግማሽ ቀን ኖሯል።

ፀሐይ ዘወር ስትል ዳገቱ አናት ላይ ቆመች። መቀነቱን ከወገቧ ፈታ አስታጠቀችው። ጉልበቷን ስሞ ሄደ። እስኪሰወር አየችውና «በሉ፣ እንመለስ» አለች።

ሰኞ በሌሊት ተነስተን ስንደርስ ሽማግሌው ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ጠበቁን። ነገሩ ታየ፤ ባቄላውን ከዝንጀሮ ስጠብቅ እንድውል ተፈረደብኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ ዋልኩ። እናቴ ያልተፈረደባትን አብራኝ ዋለች። ሲመሽ ነጠላዋን መለሱላትና «ለመንገዳችሁ ቋጥሩ» አሉን። «በልተናል፣ ይስጥልን» ብላ አልፋ ሄደች።

ይትባረክ ወደ ስማዳ የተመለሰው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። እናታችንን በሕይወት አላገኛትም።

ሳምራዊት ይህን ሰምታ ከስድስቱ ጫማ ሁለቱን አወጣች። ለሷ ትልቅ ነገር ነው፣ አላሾፍም። እኔ ግን ነገሩን ካነሳሁት በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ወንድሜ ዛሬ መሪጌታ ነው፤ አርጅቷል፣ ጆሮውም ደክሟል። በዚያ ቀን እናቱን በጋቢ ያቆምኳት እኔ መሆኔን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። ጎረቤቶቻችን የፈሩለትን እፍረት ያመጣሁበት እኔ ነኝ ብዬ ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሜው ኖሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ደወልኩለትና ከባቄላው ጀምሬ እየጮህኩ ተናዘዝኩ።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «የምን ጋቢ ነው የምትይው?» አለኝ። «ምን እንደለበሰች እኔ አላየሁም። ያን ቀን ከጓደኞቼ ሁሉ እናቱ ዳገት ያወጣችው እኔ ብቻ ነበርሁ።»