የተቋጠረው ሽቦ

ባለፈው ሳምንት የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ሽቦ ተበጠሰ። የሰፈራችን ጠጋኝ፣ ገና ጎረምሳ ነው፣ ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ጠምዝዞ ቋጠራቸውና «ማዘር፣ እንደ አዲስ ይሠራል» አለኝ። በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው። እኔን ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ አዳማ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ እሠራ ነበር። ከድንበር ማዶ ሸሽተው ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎች ወደ እኛ ይላኩ ነበር፤ ሥራችን ጠባሳቸው ከሚናገሩት ታሪክ ጋር ይስማማ እንደሆነ መርምሮ መጻፍ ነው። ፎረንሲክ ሕክምና ሲሉት ስሙ ያስፈራል፤ እኔ እጅ የነበረው ግን ማስመሪያ፣ ካሜራና ስስ ወረቀት ብቻ ነው።

ሙሴ የመጣው በበጋ፣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን በመስኮት በሚያስገባበት ሰሞን ነው። መቂ ሽንኩርት ይጭን ስለነበር ሸሚዙ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ጀርባው ላይ ክብ በክብ ውስጥ የሚዞር የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ወፈር ይላል።

«እስር ቤት ነው፣ በምድጃ» አለኝ። «ያቺ ወፍራሟ ሽቦው የተቋጠረባት ናት።»

ስሱን ወረቀት ጀርባው ላይ አድርጌ ቅርጹን ገለበጥኩ። ሲተነፍስ ክቦቹ ከወረቀቱ ሥር ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። ሪፖርቱ ላይ «ከተናገረው ጋር ይስማማል» ብዬ ጻፍኩ። ምድጃ በአደጋም ያቃጥላል፤ ከዚያ በላይ ለማለት ማስረጃ አልነበረኝም።

«ይስማማል?» አለ ሳነብለት። «ተደርጎበታል ማለት አይቻልም፣ ዶክተር? ካልተቀበሉኝ እኮ የምመለሰው እዚያው ነው።»

ማመልከቻው በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ ውድቅ ሆነ። የቀረው ይግባኙ ብቻ ነበር።

ይግባኙ ሳይታይ ወይዘሮ ሣራ የሚባሉ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት ከሻሸመኔ ተላኩልኝ። እሳቸውም ከዚያው አገር፣ ከዚያው እስር ቤት ያመለጡ ናቸው። ሙሴን ግን አያውቁትም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ዝቅ ሲያደርጉ ክው አልኩ። ክብ በክብ ውስጥ።

የሙሴን ወረቀት አውጥቼ ትከሻቸው ላይ ዘረጋሁት። መስመር በመስመር ገጠመ። መጋረጃው በነፋስ ተነሥቶ ሲወድቅ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝና ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ልዩነቱ አንድ ነበር። ሙሴ ላይ ወፈር ያለው ቦታ እሳቸው ላይ ባዶ ነው፤ ክቡ እዚያ ጋ ይቋረጣል።

«እዚያ ጋ ተበጠሰ» አሉኝ። «እኔ ላይ እያለ። ተበላሸ ብለው ተዉኝ። ከእኔ በኋላማ ማንንም አላቃጠሉበትም እያልኩ እጽናናለሁ።»

ዝም ብል በወደድኩ። ግን ያለ ፈቃዳቸው ጠባሳቸውን ለሌላ ሰው ጉዳይ ማስረጃ ላደርገው አልችልም፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ መንገር የግድ ነው።

«ከእርስዎ በኋላ ሌላ ሰው አለ» አልኳቸው። «ሽቦውን ቋጥረውታል።»

ነጠላቸውን ቀስ ብለው ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ቋጠሩት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ቀጥለውም «ሰውየው በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ጻፊው፣ ልጄ።»

ጻፍኩት። በዚህኛው ሪፖርት ላይ «ይስማማል» አላልኩም፤ «ተደርጎባቸዋል» አልኩ። ሁለቱም ጥገኝነት አገኙ፤ ሙሴ ደስታውን ሊነግረኝ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት ተሸክሞ መጣ። ወይዘሮ ሣራን ግን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ያቺን መጽናኛቸውን ወስጄባቸው ቀረሁ።

ጎረምሳው ከሄደ በኋላ ምድጃውን ሰካሁት። ክቦቹ ቀስ በቀስ ቀሉ፤ ቋጠሮዋ ብቻ ጠቁራ ቀረች። ነቀልኩት። የዚያን እስር ቤት ምድጃ ሽቦም የቋጠረ ሰው ነበር። ፒንሳውን ወደ ኪሱ እየከተተ «እንደ አዲስ ይሠራል» ብሏቸው ይሆናል።