የማስጠንቀቂያው ተራ

ይህን የምጽፈው አሁን ቡሬ ተመልሼ ነው።

ዛሬ ከቡሬ ወደ ሽንዲ ስንሄድ፣ ሚኒባሳችን ወንዙን ሊሻገር ሲል አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስልክ ጮኸ። አነበብኩላቸው፦ «ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ወንዝ አትሻገሩ።»

ሹፌሩ የራሱን ስልክ አየና «እኔ ጋ ምንም አልመጣም» ብሎ ማርሽ አስገባ።

«ልጄ፣ ላንተ እስኪመጣ ውኃው ይጠብቅሃል?» አሉት እናት።

ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ደፍራሽ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ፊታችን አለፈ። ሹፌሩ መኪናውን ወደ ቡሬ አዞረ።

ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ መልእክቱ የሚላከው በየተራ ነው አለን አንዱ ተሳፋሪ። (የዘፈን ማስታወቂያ ግን ተራ ጠብቆ አያውቅም!)

ቡሬ ተመልሰን ስንወርድ የሹፌሩ ስልክ ጮኸ። ያንኑ ማስጠንቀቂያ አነበበና መሪው ላይ ተደፋ።

የእኔ እስካሁን አልመጣም። ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ ለእናንተስ ደረሰ? እባካችሁ ጻፉልኝ።